የፌስቲቫል ሂሳብ ከሸማኔው ጉድጓድ ሲታይ

በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው ኮልፌ በጽሑፍ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሦስት ነገር ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚያ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰዎች ያለቁት እዚያ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራም ከዚያን ጊዜዎቹ ዐሥር ክፍለ ከተሞች በነዋሪ ብዛት አንደኛ ሆኖ የተገኘው፣ 428,895 ሰው የተመዘገበበት ኮልፌ ቀራኒዮ ነው። ስለ ኪነ ጥበብ የሚጽፍ ሰው ግን ወደ ምዕራብ እምብዛም አይሻገርም። ቴአትሩን ብሔራዊ፣ ሥዕሉን ቦሌ፣ ሙዚቃውን ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈልግ ኖሯል። ኮልፌ ሕዝብ የሚኖርበት እንጂ ጥበብ የሚሠራበት ሰፈር ተደርጎ አይታሰብም። በዚህ ከተማ የማኅበረሰብ ፌስቲቫል ለአካባቢ ኢኮኖሚ ስለሚሰጠው ጥቅም የምንናገረው ሁሉ የተንጋደደው ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል።

ፌስቲቫል ኢኮኖሚን ይጠቅማል የሚለው ክርክር ወደኛ የመጣው ከነሂሳብ ስልቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጆን ማየርስኮ የብሪታንያን ኪነ ጥበብ ኢኮኖሚያዊ ፋይዳ አስመልክቶ ያሳተመው ጥናት ለብዙ የከተማ አስተዳደሮች መከራከሪያ ሆነ። ስሌቱ ለመረዳት ቀላል ነው። እንግዳ መጣ፣ አልጋ ያዘ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተሳፈረ። ይህ ይደመርና ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር በሌላ ቁጥር ይባዛል። ከዚያ ጥናት አንድ ዓመት ቀድሞ አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ብሩስ ሲማን ይህን ዓይነቱን አቆጣጠር ወቅታዊ ማጋነን ነው ብሎ ተችቶት ነበር። የአገሬው ሰው ለትርኢቱ ያወጣውን ገንዘብ ትርኢቱ ባይኖር ኖሮ እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ቦታ ያወጣው ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ ኪስ ለወጠ እንጂ አልተጨመረም። ለመድረኩ የተከራዩት ዕቃና ባለሙያ ከውጭ የመጡ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ጭራሽ ተያይዞ ይወጣል።

የሲማን ትችት አዲስ አበባ ላይ ከለንደን ይልቅ ይበረታል። እኛ ዘንድ አንድ ተቋም ‹ፌስቲቫል› ብሎ የሚያዘጋጀው ነገር አሠራሩ የታወቀ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ መድረክ ይቆማል፣ ድምፅ ማጉያ ይከራያል፣ ባነር ይታተማል፣ ለአስተናጋጆች አንድ ዓይነት ካናቴራ ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ የውዝዋዜ ቡድን ይወጣል። በመጨረሻ የሚነገረው ቁጥር የተገኘው ሰው ብዛት ነው። ስንት ሰው ተገኘ የሚለው ጥያቄ ስንት ሰው ሠርቶ ተከፈለው የሚለውን ሸፍኖ ይቀራል። እኔ የማየው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በተመልካች ላይ የተመሠረተ ድግስ ገንዘብ ሲያዛውር ይውላል። በሠሪ ላይ የተመሠረተ በዓል ግን ከወራት በፊት ጀምሮ ሰው ሲቀጥር ይከርማል፤ ተመልካቹ ራሱ የሆነ ነገር አዝዞ፣ አሠርቶ፣ ሸክፎ፣ ለብሶ የመጣ ሰው ነው።

ኮልፌ የሁለተኛው ዓይነት በዓል ሰፈር ነው። የከተማውና የዓለም ዓይን ያለው መስቀል አደባባይ ላይ ነው። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ካሰፈረው ወዲህ ደግሞ ካሜራው ከዚያ አይነቀልም። መስከረም 16 በየሰፈሩ የሚለኮሰውን ደመራ ግን የሚቆጥረው የለም። የሰፈር ወጣቶች ቤት ለቤት ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ አጠና ይገዛሉ፣ አደይ አበባ ከሚሸጡ ልጆች ይወስዳሉ። ችቦ የሚያስሩ ሰዎች ከቀናት በፊት መንገድ ዳር ጭራሮውን ዘርግተው፣ እኩል እኩሉን መርጠው፣ ወገቡን በልጥ ጠፍረው ይደረድራሉ። ቄጠማ አለ፣ ቅቤ አለ፣ አይብ አለ፣ ቆጮ አለ። አጠና ተራ በሚባል ስም የሚጠራ ሰፈር ያለበት ክፍለ ከተማ ደመራውን ከሩቅ አያመጣም። የዚህ ሁሉ ንግድ ባለቤት ትንሽ ነው፣ ትርፉም ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ከሰፈሩ ብዙ ርቆ አይሄድም።

ዋናው ማስረጃዬ ግን ልብስ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ወርደው አዲስ አበባ የገቡ ሸማኔዎች በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ብቻ ሳይሆን በኮልፌም ሰፍረዋል። ታሪካቸውን አንባቢ ያውቀዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ‹ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ› የሚለውን ተረት የሴት ልጅን ጌጥ ወዳድነት ለመተረብ ሲጠቅሱት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ከሸማኔው ወገን ሆኖ ለሚሰማው ሰው ተረቱ የገበያ ሕግ ነው። ለበዓሉ ቀን ያልደረሰ ልብስ ዋጋው ወርዶ ያድራል። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ የጥር ሠርግ፣ ከሁዳዴ በኋላ ፋሲካና የሚያዝያ ሠርግ፤ የሸማ ሥራ የዓመት ወሩን የሚቆጥረው በእነዚህ ነው። በመሃል ያሉት ጾሞችና ክረምት የሥራ ጾም ናቸው።

ጥለቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል የሚጻፈውን ያህል ለዚህ ጥበብ ሲጻፍ አላይምና። ሸማኔው መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፋፍ ይቀመጣል፤ እግሩ ከታች መርገጫውን ይጫናል፤ ድሩ ከፊቱ ተወጥሮ ይዘረጋል። ነጩን ገላ ሲሠራ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይመላለሳል፣ ምቱም እኩል ነው። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ያ ምት ይሰበራል። መወርወሪያው ያርፍና ጣት ይተካዋል። የድሩን ክሮች እየቆጠረ፣ ጥቂቱን አንሥቶ ጥቂቱን ዘሎ፣ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ ያሾልካል፤ ከዚያ ነጩን ማግ አንድ ጊዜ ይወረውርና ጠበቅ አድርጎ ይመታዋል። እንደገና ይቆጥራል። በፊቱ የተሰቀለ ንድፍ የለም። የዛሬው ረድፍ ከትናንቱ ጋር እንዲገጥም የሚያደርገው ቁጥሩን በአእምሮው መያዙ ብቻ ነው። አንዲት ክር ስትዘለል ስህተቱ ከበርካታ ረድፍ በኋላ መስቀሉ ዘሞ ወይም አልማዙ ተጣሞ ይታያል፤ ያን ጊዜ ያለው ምርጫ ፈቶ መመለስ ወይም ስህተቱን ወስዶ ሌላ ቅርጽ ማድረግ ነው። ጎበዝ ሸማኔ ሁለተኛውን ያውቅበታል። ብዙ አዲስ የሚባል ጥለት የተወለደው እንዲህ ይመስለኛል።

ጥለት ለረጅም ጊዜ የጠርዝ ጥበብ ነበር። ነጠላው ጫፍ ላይ፣ ቀሚሱ ታች ዘርፍ ላይ በጠባቡ ይቀመጣል፤ የቀረው ሰፊ ነጭ ዝምታ ነው፤ ጌጡም ውበቱን የሚያገኘው ከዚያ ዝምታ ነው። ባለፉት ዓመታት ጥለቱ ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ ደረት ወጣ፣ ከአንገት እስከ እግር ወረደ፣ እጅጌውንና ጀርባውን ያዘ። ከኢኮኖሚው አንጻር ይህ ለሸማኔው ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ክፍያውም ከፍ ይላል። ከጥበቡ አንጻር ግን ብዙው ተጨናንቋል፤ አንዱ ቀለም ሌላውን ይጮኽበታል። እኔ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጣት ስፋት የማትሞላውን፣ በሁለት ቀለም ብቻ የተቆጠረችውን የቆየች ጥለት እመርጣለሁ። ምርጫዬ የአንድ ሰው ምርጫ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በሸማ ላይ እንዲህ ያለ ሙግት በአደባባይ አለመኖሩ ያሳዝነኛል። ሂስ የማያገኝ ጥበብ የሚመራው በገበያ ብቻ ነው።

ገበያውም መርቶት አሁን ያለበት አድርሶታል። በየበዓሉ የሚለበሰው የሀበሻ ቀሚስ ብዙው ዛሬ ሽፎን ሆኗል። በውጭ ፋብሪካ ተሠርቶ የጥለት ሥዕል የታተመበት ጨርቅ ነው። ለማወቅ ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል። በእጅ የተሠራው ጥለት ከጀርባውም ክር አለው፤ የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ነው። ሲማን ስለሚወጣ ገንዘብ የተናገረውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ሕዝቡ እኩል ተገኝቷል፣ እኩል ደምቋል፣ ምናልባትም ከቀድሞው የበለጠ አውጥቷል፤ የልብሱ ገንዘብ ግን በአስመጪ በኩል አገር ለቆ ሄዷል። የተመልካች ብዛትን ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ይህን በዓል ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው መለየት አይችልም። ሽፎን የምትለብሰውን ሴት መውቀስ ደግሞ ፍርድ ማዛባት ነው። ዋጋው ከእጅ ሥራው እጅግ ይረክሳል፣ ታጥቦም ወዲያው ይደርቃል። መወቀስ ያለበት ለበዓል መድረክ በጀት ይዞ የፋብሪካ ካናቴራና የታተመ ጨርቅ የሚያዝዘው አዘጋጅ ነው፤ እርሱ ምርጫ ነበረው።

በዓል ሠሪን ይቀጥራል ስል ቅጥሩ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። የበዓል ገበያ ችኩል ነው። ነጋዴው ክርና ቀብድ ቀድሞ ይሰጣል፣ ዋጋውም ያኔ ይቆረጣል፤ በጥምቀት ዋዜማ ልብሱ በእጥፍ ቢሸጥ ጭማሪው ጉድጓድ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው አይደርስም። ከዚህ የከፋው ቀሰም የሚያጠነጥኑትና ከዚያም አልፈው መርገጫ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ጉዳይ ነው። ከጋሞ ደጋ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ ተብለው መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ልጆች ታሪክ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በልጆች ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚዘረዝራቸው ዕቃዎች ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሸማ አለበት። ስለ በዓላችን ድምቀት የሚጽፍ ሁሉ ይህን ከጽሑፉ ሲያወጣ በልጅ ጉልበት ላይ መጋረጃ እየጣለ ነው። የሰፈር በዓል የአካባቢን ኢኮኖሚ ይጠቅማል የምንል ሰዎች በመጀመሪያ ልናስተካክለው የሚገባን ሂሳብ ይህ ነው፤ ከሽፎኑም ይቀድማል።

አካባቢ የሚለው ወሰንም እንደሚመስለው ጥርት ያለ አይደለም። ለጉራጌ መስቀል፣ ለስልጤ አረፋ ወደ አገር ቤት የመግቢያ ጊዜ ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ መርካቶ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ነጋዴው ከሚያድርባቸው ሰፈሮች አንዱ የሆነው ኮልፌም ይሳሳል። ዓመቱን ሙሉ በእቁብ የተጠራቀመው ገንዘብ በሬ፣ ቅቤ፣ የወላጅ ልብስና የልጅ ጫማ ሆኖ በወልቂጤና በቡታጅራ መንገድ ይወርዳል። ክፍለ ከተማውን ብቻ የሚያይ ሂሳብ ይህን ኪሳራ ብሎ መጻፍ ይኖርበታል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው የአገራቸውን መንገድ ለማሠራት ድርጅት ሲያቋቁሙ ያንቀሳቀሳቸው በየዓመቱ ለበዓል የሚገቡበት ያው ትስስር ነው። በዚያ መንገድ ቆጮውና ቅቤው ወደ ከተማ ወጣ፣ ወጣቱም ተከትሎ መጣ። የኮልፌ ኢኮኖሚ ግማሹ ሥሩ ገጠር ነው፤ በዓሉም ሥሩን የሚያጠጣው ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አንድ ቅዳሜ ድንኳን ተክሎ የሚዋልበት ባዛር ሊሠራው የሚችለው ነገር እጅግ ትንሽ ነው።

እስካሁን ስለ ልብስና ስለ ገንዘብ ብቻ የተናገርኩት ሸማኔው ሌላ ጥበብ ስለሌለው አይደለም። ያው ቀኑን ሙሉ ክር ሲቆጥር የዋለ የዶርዜ ሰው መስቀል ሲደርስ ይዘፍናል፤ ዘፈኑም በኢትዮጵያ ከምንሰማው አብዛኛው ዘፈን የተለየ ነው። እኛ የለመድነው አንድ አውጪ ያወጣል፣ ሌላው ተቀባይ በአንድ ድምፅ ይቀበላል። የዶርዜ ዘፈን በብዙ ድምፅ የተሠራ ነው። አንዱ ዜማውን ሲጀምር ሌላው ከላይ በሰላ ድምፅ ይገባበታል፣ ሦስተኛው አጭር ቃል በመሃል እየጣለ ምቱን ይይዛል፣ የቀረው ከታች ወፍራም አድርጎ ያነጥፍለታል። እያንዳንዱ የሚዘፍነው ለብቻው ሲሰማ ያልተጨረሰ ነገር ነው፤ አንድ ላይ ሲሆን ሙሉ ይሆናል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶርዜ ድረስ ሄዶ ይህን ቀርጾ በሸክላ ያሳተመው በዓለም ሙዚቃ ውስጥ የሚገባውን ቦታ ስላየ ነው። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ጎረቤታችን ሆኖ ሲዘፈን አንድ ዓይነት ‹የዶርዜ ጭፈራ› ብለን እናልፈዋለን።

መድረክ ለዚህ ዘፈን ያደረገውን ልብ ብሎ ላየ ሰው የፌስቲቫል ክርክሩ ሁሉ እዚያ ተጠቃልሎ ይገኛል። መድረክ ላይ ማይክሮፎኑ አንድ ነው፤ የሚሰጠውም ለአንድ ሰው ነው። ማይክሮፎን የያዘው አውጪ ይሆናል፣ የቀሩት በግድ ተቀባይ ይሆናሉ፤ ያ የሰላ ድምፅ ከሩቅ ይጠፋል፣ አጫጭሮቹ ቃላት የሚሰሙ አይሆኑም። ኪቦርዱ ሲጨመር ዜማው የግድ ከእርሱ ጋር መስተካከል አለበት። ጊዜው ስለሚያጥር ደግሞ የብሔረሰቦች ውዝዋዜ በተከታታይ በሚቀርብበት ሰልፍ ውስጥ ለዶርዜ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያም ውስጥ ጎልቶ የሚቀረው ወገብና ትከሻ ነው። ዐሥራ አምስት ሰው ሲሠራው የነበረው ጥበብ የአንድ ዘፋኝና የአምስት ተወዛዋዥ ሥራ ይሆናል፤ ክፍያውም እንደዚያው። ለብዙ ዓመታት ይህን እንደ ባህል ማስተዋወቅ ስናሞግስ ኖረናል። እኔ የማየው ግን የጥበቡ መሞትና የሥራ ዕድሉ መቀነስ በአንድ ጊዜ ሲፈጸሙ ነው። ደግሞም ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም፤ ተመልካቹን የሚያስቀድም አሠራር በራሱ የሚያመጣው ነው።

የትልልቅ ፌስቲቫሎች ልምድም ከዚህ አይርቅም። ዛንዚባር ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ሳውቲ ዛ ቡሳራ በአፍሪካ ስማቸው ከሚጠራ የሙዚቃ ፌስቲቫሎች አንዱ ነው፤ በየካቲት ስቶን ታውንን በእንግዳ ይሞላል። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ገንዘብ አጥቶ ሳይካሄድ ቀርቷል። ሆቴሉ ሲሞላ ገቢው የሆቴሉ ነው፤ የመድረኩና የሙዚቀኛው ወጪ ግን የአዘጋጁ ሆኖ ይቀራል። ጥቅሙ የሁሉም ነው የሚባልበት ፌስቲቫል ወጪውን የሚጋራለት አንድም ሰው ሊያጣ ይችላል። የሰፈር ደመራ ግን ገንዘብ አጥቶ የተሠረዘበትን ጊዜ አላውቅም። ወጪውን የሚሸፍኑት ራሳቸው የሚጨፍሩበት ሰዎች ስለሆኑ አንዱ ቢቀንስ ሌላው ይሞላል።

ይህን ስል አስተዳደሩ እጁን ያውጣ ማለቴ አይደለም። ኮልፌ ውስጥ የሚገኘው ዘነበወርቅ አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው በአለርት የእጅ ሥራ ማዕከል የሚሠሩት ጥልፍ የታወቀው ተቋም ስለደገፈው ነው፤ ድጋፉ ደግሞ መርፌ ለያዘችው እጅ የደረሰ እንጂ ለመድረክ የወጣ አልነበረም። የበዓል በጀት ያለው ማንኛውም ጽሕፈት ቤት ከዚህ ሊማር ይችላል። መድረኩን ለሦስት ዓመት ቢተው ማንም አይጎዳም። በዚያው ገንዘብ ለመስከረምና ለጥር በዓላት የሚፈለገውን ነጠላ፣ የአስተናጋጁን ልብስ፣ የትምህርት ቤት መዘምራንን ጋቢ፣ የክብር እንግዳውን ስጦታ ሐምሌ ላይ ለሰፈሩ ሸማኔዎች ያዝዝ። ሐምሌ ሥራ የሚጠፋበት ወር ነው፤ ትእዛዙ ቀድሞ ሲሰጥ ቀብዱም በነጋዴ በኩል ማለፉ ይቀራል፣ ዋጋውም አይወድቅም። ውሉ ላይ ከሕጋዊው የሥራ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ ያልነካው እንዲሆን ይጻፍ፤ ይህንንም ጉድጓዱ ድረስ ሄዶ የሚያይ ሰው ይመደብ። ዘፋኞቹንም ይቅጠር፤ ሲቀጥር ግን ዐሥራ አምስቱንም ይቅጠር፣ ለዐሥራ አምስቱም እኩል ይክፈል፣ ማይክሮፎኑን ከፊታቸው ያንሣ፤ ሕዝቡም በዙሪያቸው ቀርቦ ይቁም።